ከምሳ በኋላ ኔትወርኩ ቀጥ ይላል፣ የት እንደሆነ የሚነግረኝ ነገር የለም?

ቶሳ_ስር፦
ሰላም ጀመዓው እንዴት ናችሁ። ደሴ ነኝ፣ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ሃርድዌርና ኔትወርክ አስተምራለሁ፣ ያው አስተማሪ ስትሆን የግቢውም ኔትወርክ ያንተ ነው ፕሪንተር እምቢ ሲልም የሚጠራው አንተው ነህ። ጠዋት ጠዋት ሁሉም ነገር ሰላም ነው። ከምሳ በኋላ ግን ድንገት ሬጅስትራር ቆመ፣ ፋይናንስ ቆመ፣ ላብ ቆመ እየተባለ ስልኬ ይጮሃል። ጌትዌዩን (ከግቢ ወደ ውጭ መውጫውን) 192.168.10.1ን ፒንግ ሳደርግ (አለህ ወይ ብዬ ስጠይቀው) አንዴ ይመልስና ከዛ ሪኩዌስት ታይምድ አውት ብቻ ነው። ስዊች ክፍል ስገባ የስዊቹ (ገመዶቹን ሁሉ የሚያገናኘው ሳጥን) መብራቶች በሙሉ አንድ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላሉ አያርፉም። አጥፍቼ ሳበራው አንዳንዴ ይስተካከላል አንዳንዴ ምንም። ሌላ ደግሞ የተወሰኑ ኮምፒውተሮች አይፒያቸው 192.168.0 ምናምን ሆኖ አገኘዋለሁ፣ እኛ ግቢ እንደዛ የሚባል አድራሻ የለም እኮ! ስዊቾቹ ተራ አንማኔጅድ ናቸው (ገብተህ የምታስተካክለው ነገር የላቸውም)፣ 3 ብሎክ ነው፣ ሁሉም በአንድ ኔትወርክ ላይ ነው የተደረደረው።

ዲኑ አዲስ ስዊች ይገዛ ብሎ ፕሮፎርማ አሰብስቧል። እኔ ግን የት እንደተበላሸ ሳይታወቅ ያ ሁሉ ብር ቢወጣ ነገ ያው ችግር ሲመጣ ምን ልል ነው። ለዚህ ለዚህ ተብለው የተሰሩ ነገሮች አሉ አይደል? ፒንግና ትሬስራውት አውቃለሁ፣ ዋየርሻርክም (በኔትወርኩ የሚያልፈውን ፓኬት፣ ማለትም የመረጃ ጥቅል፣ የሚያሳየውን) ጭኛለሁ ግን ስከፍተው መስመሩ ይጎርፋል ምኑን ከምን ልየው። እግረ መንገዳችሁን እነዚህን ነገሮች ማን ለምን እንደሰራቸው የምታውቁ ጻፉልኝ፣ ተማሪዎቼ ትእዛዙን ሸምድደው የሲኦሲ ፈተና ይቀመጣሉ፣ ይሄ ነገር ለምን መጣ ስትላቸው ግን ክፍሉ ጭጭ ነው።

ሰኞ_ገበያ፦
አንተዬ አትድከም ማኔጅድ ስዊች ግዛ በቃ። ዲን ራሱ ልግዛ ሲል እምቢ የሚል ሰው ገና አንተን አየሁ ሃሃሃ

ቦርከና፦
ወንድሜ ያለብህ ሁለት ችግር ነው፣ አንድ ላይ ስለመጡብህ ነው የተምታታብህ። ቀላሉን እናስቀድም። 192.168.0 የሚለው ነገር አንድ ሰው የቤት ዋይፋይ ራውተር ግቢ ውስጥ አምጥቶ ሰክቷል ማለት ነው። እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምሰራው፣ እኛም ጋ በየጊዜው ይመጣል፣ ሰው ለስልኩ ዋይፋይ ይፈልጋል ከዛ ከቤቱ ያመጣል። ገመዱን ዋን በሚለው ቀዳዳ (የውጭው መስመር የሚገባበት) ቢሰካው ብዙም አይጎዳህም ነበር፣ ላን በሚለው (የውስጥ ኮምፒውተሮች የሚሰኩበት) ከሰካው ግን የራውተሩ ዲኤችሲፒ ለግቢህ ሁሉ አይፒ ማደል ይጀምራል። ዲኤችሲፒ በ1993 ነው የወጣው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ በየኮምፒውተሩ እየዞሩ በእጅ አይፒ ከመሙላት ገላግሎናል፣ ግን በእምነት የተሰራ ነገር ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ አይፒ የሚሰጠኝ ማነው ብሎ ለሁሉም ይጠይቃል፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ለመለሰለት እሺ ይላል፣ መላሹ የኮሌጁ ይሁን የማንም ይሁን አይመረምርም። ለዛ ነው ግማሹ ኮምፒውተር ደህና ግማሹ የተበላሸ የሚሆንብህ።

አሁን 192.168.0 የያዘው ኮምፒውተር ላይ ቁጭ በል፣ አይፒኮንፊግ ስላሽ ኦል በልና ዲኤችሲፒ ሰርቨር የሚለውን መስመር እይ። እዛ ላይ ያለውን አድራሻ ፒንግ አድርገው፣ ቀጥሎ ኤአርፒ ማይነስ ኤ ስትል የማክ አድራሻው (መሳሪያው ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ቁጥር) ይወጣል። የማኩ የመጀመሪያዎቹ 6 ምልክቶች የአምራቹ ናቸው፣ ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጋቸው የምን ብራንድ ሳጥን እንደምታስስ ታውቃለህ። አድራሻውን ብሮውዘር ላይም ሞክረው፣ ፓስወርዱን ካልቀየሩት ገብተህ የዋይፋዩን ስም ታየዋለህ፣ ሰው ደግሞ ዋይፋዩን በስሙ ነው የሚጠራው ሃሃ።

ዋየርሻርኩን የፈራኸው ሳትፈልተር ስለምትከፍተው ነው። ፊልተር ሳጥኑ ላይ ዲኤችሲፒ ብለህ ጻፍ፣ ከዛ ያንኑ ኮምፒውተር ሪሊዝ ሪኒው አድርግ (አይፒውን አስለቅቀህ እንደገና አስጠይቀው)። ኦፈር የሚል መልስ ከሁለት የተለያየ አድራሻ ከመጣ ሁለት ሰርቨር አለህ፣ አለቀ። ለተማሪዎችህ ይሄንን ንገራቸው፦ ጄራልድ ኮምብስ የሚባል ሰው ትንሽ የኢንተርኔት አቅራቢ ድርጅት ውስጥ ይሰራ ነበር፣ በዛን ጊዜ ፓኬት የሚያሳዩት ሶፍትዌሮች 1500 ዶላር አካባቢ ነበሩ፣ እሱ በሚሰራበት ሶላሪስና ሊኑክስ ላይ ደግሞ አይሄዱም፣ ስለዚህ ራሱ ጽፎ በ1998 ኢቴሪያል ብሎ በነጻ ለቀቀው። በ2006 መስሪያ ቤት ሲቀይር የስሙ ባለቤትነት የድሮው ድርጅት ሆኖ ቀረ፣ ሶፍትዌሩን ግን ዋየርሻርክ ብሎ ይዞት ሄደ። ብር አጥሮት የተሰራ ነገር ነው ለኛ የሚሆነው።

ሰኞ_ገበያ፦
ይሄ ሁሉ ትምህርት ለአንድ ራውተር? በየቢሮው ዞሮ ማየት አይቀለውም

ቦርከና፦
3 ብሎክ ነው እያለህ። የፋይናንስን ቁም ሳጥን ክፈቱ ብሎ የሚዞር አንተ ትሁንለት እንግዲህ

ሐይቅ_ዳር፦
ቶሳ_ስር ወንድሜ አብሽር፣ ሁለተኛው ችግርህ ሉፕ ነው፣ መብራቶቹ በሙሉ አንድ ላይ አያርፉም ካልክ ብዙም አያጠራጥርም። የሆነ ቦታ አንድ ገመድ ዞሮ እዛው ኔትወርክ ላይ ተሰክቷል። እኔ የጤና ተቋም ላይ ስለምሰራ ኔትወርክ ሲቆም ካርድ ክፍል ሰልፍ ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ ይሄን ነገር እጠላዋለሁ ወላሂ።

ለምን እንደሚገድል ካልገባቸው ተማሪዎችህ አያገኙትም፣ ከትሬስራውት ጀምርላቸው። አይፒ ፓኬት ላይ ቲቲኤል የሚባል ቁጥር አለ፣ ራውተር ባለፈ ቁጥር አንድ ይቀነስለታል፣ ዜሮ ሲሆን ራውተሩ ይጥለውና ለላኪው ጣልኩት ብሎ መልእክት ይልካል። ይሄ የተቀመጠው ፓኬት ጠፍቶ ሲዞር እንዳይኖር ነው። ካሊፎርኒያ ሎውረንስ በርክሌይ ላብ የነበረው ቫን ጃኮብሰን በ1980ዎቹ መጨረሻ ይችን ነገር ገለበጣት፣ ሀሳቡን ስቲቭ ዲሪንግ ነው ያቀበለው። ሆን ብለህ ቲቲኤሉን 1 አድርገህ ትልካለህ፣ የመጀመሪያው ራውተር ይጥለውና አድራሻውን ይልክልሃል፣ 2 ታደርገዋለህ ሁለተኛው ይልካል፣ እንዲህ እያልክ መንገዱን በሙሉ ትለቅመዋለህ። ራውተሮቹ ላይ ምንም አዲስ ነገር ሳይጨመር! እኔ ከሁሉም እሱን ነው የማደንቀው።

ኢተርኔት ፍሬም (ስዊቾቹ የሚያስተላልፉት ጥቅል) ግን ይሄ ቁጥር የለውም። ስለዚህ ሉፕ ካለ አንድ ብሮድካስት (ለሁሉም የሚላክ መልእክት) ይገባና የሚጥለው የለም፣ ይዞራል፣ ሲዞር በሁሉም በር ይወጣል፣ ይባዛል፣ በሴኮንዶች ውስጥ መስመሩ ይሞላል። ኮምፒውተሮቹም ሲፒዩአቸው ይጨናነቃል። ራዲያ ፐርልማን ስፓኒንግ ትሪን በ1985 ዴክ የሚባል ኩባንያ ውስጥ ሆና የሰራችው ለዚህ ነው። ስዊቾቹ (ያኔ ብሪጅ ነው የሚባሉት) ትንንሽ መልእክት እየተላላኩ ከመሃላቸው አንድ አለቃ ይመርጣሉ፣ ሁሉም ወደ አለቃው የሚወስደውን አጭሩን መንገድ ክፍት ይተዉና ትርፉን በር ይዘጉታል፣ ክፍቱ ከተቆረጠ የተዘጋው ይከፈታል። በ1990 802.1ዲ ተብሎ ስታንዳርድ ሆነ። ተማሪዎችህ ውስጥ ሴቶች ካሉ ይችን ሴትዮ አትዝለልባቸው እሺ።

እና ሰኞ_ገበያ ማኔጅድ ግዛ ያልከው ከዚህ አንጻር ውሸት አይደለም፣ ተራው ስዊች ይሄን ስለማያደርግ ነው የረከሰው። ግን ላብ ውስጥ ጠረጴዛ ስር ያለው ስዊች ተራ ሆኖ ሉፑም እሱ ላይ ከሆነ፣ መሃል ላይ ያስገባኸው ውድ ስዊች የላቡን በር ይዘጋና ሌላውን ብሎክ ያድንልሃል እንጂ ላቡ ገመዱ እስኪነቀል ሞቶ ነው የሚውለው። መጀመሪያ ገመዱ ይገኝ።

አገኛኙን ልንገርህ። ፒንግን የሰራው ማይክ ሙስ ነው፣ ሜሪላንድ የአሜሪካ ጦር የባሊስቲክ ምርምር ላብ ነበር የሚሰራው፣ ዲሴምበር 1983 አንድ የኔትወርክ ጠባይ አልገባው ብሎ በአንድ ምሽት ጻፈው። እሱ ራሱ የጻፈው አንድ ታሪክ አለ፦ አንድ የኔትወርክ ሰው ግንኙነቱ የሚቆራረጥበት ገመድ ጠፋበት፣ ፒንጉን ከድምጽ ማውጫ ፕሮግራም ጋር አገናኘና በቢሮው ስቴሪዮ ላይ ድምጹን እስከ ጥግ ለቀቀው። ኮምፒውተሩ በየሴኮንዱ ፒንግ ፒንግ ይላል፣ ሰውየው ህንጻውን እየዞረ ማገናኛዎቹን ያወዛውዛል፣ አንዱ ጋ ሲደርስ ድምጹ ዝም አለ። አገኘው። አንተ ጋ የተገላቢጦሽ ነው፣ ሲበላሽ ዝም ነው ስትነቅለው ነው የሚጮኸው። ሊኑክስ ላፕቶፕ ካለህ ፒንግ ማይነስ ኤ ስትለው መልስ በመጣ ቁጥር ጢጥ ይላል (የላፕቶፑ ድምጽ መከፈቱን እይ)። ዊንዶውስ ከሆነ ማይነስ ቲ አድርገህ አንድ ተማሪ ስክሪኑ ላይ አስቀምጥና በስልክ ያውራህ። ከዛ ስዊች ክፍል ግባ፣ ወደ 3ቱ ብሎክ የሚወጡትን አንድ በአንድ ንቀል። ስትነቅል ፒንጉ ከተመለሰ ሉፑ እዛ ብሎክ ነው። እዛ ሂድና ያንኑ ድገም። ግን ችግሩ ባለበት ሰዓት አድርገው፣ ጠዋት ሰላም ሆኖ ብትነቅል ምንም አታይም።

ቶሳ_ስር፦
አላህ ይስጣችሁ ሁለታችሁም። ኧረ ጉድ ነው የሆነው ስሙኝ።

ራውተሩን መጀመሪያ አገኘሁት፣ ፋይናንስ ነው፣ ከካዝናው ጀርባ ደረሰኝ ክምር ተጭኖበት። የዋይፋዩ ስም የልጁ ስም ነበር ቦርከና እንዳልከው፣ የማን እንደሆነ ልጅ ያላቸውን ብቻ አሰብኩ። ሰውየው ምን አጠፋሁ ሲለኝ ደግሞ አሳዘነኝ፣ ኢንተርኔቱ ቀስ ሲል እኔ ያመጣሁት ይሻላል ብሎ ነው። ነቅዬ በክብር ሰጠሁት።

ሉፑን ደግሞ 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሲቆም ጠብቄ ነው የያዝኩት። አንድ ተማሪ ፒንጉ ጋ አስቀመጥኩ፣ በስልክ "አለ፣ የለም፣ የለም" ይለኛል። የብሎክ 2ን ስነቅል "መጣ መጣ መጣ!" ብሎ ጆሮዬን አደነቆረኝ። ላብ 2 ሄድኩ፣ የላቡን ስዊች አንድ በአንድ፣ 11ኛው በር ላይ ተመለሰ። ገመዱን ተከትዬ ጠረጴዛ ስር ገባሁ፣ ቢጫ ፓች ኮርድ ነው፣ አንዱ ጫፉ ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት፣ ሌላኛው ጫፉ ደግሞ አጠገቡ ባለው ሶኬት! ሁለቱም ሶኬት እዛው ስዊች ላይ ነው የሚገባው። ለምን ከሰዓት ብቻ እንደሆነም ገባኝ፣ የጠዋት ተማሪዎች ላፕቶፓቸውን በዛ ገመድ ነው የሚሰኩት፣ 6 ሰዓት ሲወጡ ጫፉ መሬት ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይረገጥ ብሎ አንዱ ስርዓት ያለው ልጅ ክፍት ቀዳዳ ውስጥ ይሰካዋል። ማን ይቆጣዋል አሁን።

ሐይቅ_ዳር እህቴ ያ የስቴሪዮውን ታሪክ ለክፍሉ ነገርኳቸው፣ ከዛ እኛ ያደረግነውን ሲያዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄ ጠየቁኝ።

የቀረኝ ዲኑ ነው። አሁንም ስዊች ይገዛ ነው የሚለው፣ ኢንተርኔቱ ቀስ ስለሚል። መስመሩ ጠቦ ነው ወይስ ሌላ ነገር ነው ብዬ በወረቀት የማሳየው ነገር እፈልጋለሁ።

መርሳ_ሽማግሌው፦
ልጆች ጥሩ ነው የሰራችሁት። እኔ ጡረታ ልወጣ የቀረበኝ ሰው ነኝ፣ ዲን ፊት የምታቀርበው ነገር ግራፍ ነው፣ ወሬ አይደለም።

ራውተርህ ኤስኤንኤምፒ ካለው (ማይክሮቲክ ከሆነ አለው) በየበሩ ስንት ባይት እንዳለፈ ይቆጥራል፣ ጠይቀህ ማንበብ ብቻ ነው። ኤስኤንኤምፒ በ1988 ነው የወጣው፣ ጊዜያዊ ነው ተብሎ የተሰራ ነገር ነው፣ ሌላ ትልቅ ስታንዳርድ ይተካዋል ተብሎ ነበር፣ ቀላል ስለሆነ እሱ ቀርቶ ይሄ ኖረ። ቶቢያስ ኦቲከር የሚባል ሰው ደግሞ እንግሊዝ አገር ዲ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ ሳለ ወደ ውጭ የሚወጣው መስመራቸው አንድ 64 ኪሎቢት ብቻ ነበር፣ እንዴት እንደዋለ ማወቅ የማይፈልግ ስላልነበረ በየ5 ደቂቃው ቆጣሪውን አንብቦ ግራፍ የሚስል ኤምአርቲጂን ሰራ፣ በ1995 ለሁሉም ለቀቀው። 64 ኪሎቢት አስቡት፣ ዛሬ አንድ ፎቶ አይልክም። ዛሬ ዛቢክስ ምናምን አለ፣ ለአንድ ኮሌጅ ግን አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ኤምአርቲጂ ይበቃል። ኮሚዩኒቲ የሚለውን (የኤስኤንኤምፒው የይለፍ ቃል በለው) ፐብሊክ ብለህ አትተወው፣ ቀይረው፣ ከውጭም አትክፈተው፣ አሮጌዎቹ ቨርዥኖች በግልጽ ጽሑፍ ነው የሚያወሩት።

ግራፉ ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ነክቶ ጠፍጣፋ ከሆነ መስመሩ ጠቧል፣ ለዲኑ ያንን አሳየው። ግራፉ ግማሽ ላይ ሆኖ ሰው ቀስ አለ የሚል ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ ስዊችም ብትገዛ አይለወጥም። መብራት ሲሄድ ደግሞ መስመሩ ከቶሳ ተራራ እንደመውረድ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ያንንም ከግራፉ ቆጥረህ ዩፒኤስ ይገዛ ማለት ትችላለህ።

ሐይቅ_ዳር ስለ ቫን ጃኮብሰን አንስታለች፣ ዲኑን ለማሳመን ይሄን ጨምርበት። ኦክቶበር 1986 ከሎውረንስ በርክሌይ ላብ እስከ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ያለው ግንኙነት ከ32 ኪሎቢት በሴኮንድ ወደ 40 ቢት ወረደ፣ 40 ቢት! ርቀቱ 400 ያርድ አካባቢ ብቻ ነው። ሰውየው መስመር ይወፈርልን አላለም፣ ፓኬቱን እየተከተለ ሲያይ ኮምፒውተሮቹ መልስ ሲዘገይባቸው ያንኑ እንደገና እየላኩ መንገዱን ራሳቸው እንደሚያጨናንቁት አገኘ፣ ቲሲፒ (መረጃው መድረሱን እያረጋገጠ የሚልከው ስርዓት) መጀመሪያ በቀስታ እንዲጀምርና መጨናነቅ ሲያይ እንዲቀንስ አደረገው፣ ጥናቱ በ1988 ታተመ። ዛሬ በስልክህ ስታወርድ ያ ነገር ነው የሚሰራልህ። ቲሲፒደምፕ የሚባለው ፓኬት ማሳያም ከዛው ቡድን ነው የወጣው።

ቶሳ_ስር፦
ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ፣ እርስዎ ባይነግሩኝ ኤስኤንኤምፒው ራውተሩ ላይ መኖሩን እንኳ አላየሁትም ነበር። አሮጌ ፔንቲየም አለ ላብ ውስጥ እሱ ላይ እጭነዋለሁ።

ሰኞ_ገበያ፦
እሺ ተሸነፍኩ፣ ግን አንድ ስዊች ግን ግዛ። ሐይቅ_ዳር ራሷ እኮ ተራው ስዊች ይሄን አያደርግም ብላለች

ሐይቅ_ዳር፦
መሃል ላይ አንድ፣ አዎ። ሉፕ ዲቴክሽንና ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ ያለው ይሁን፣ ስኑፒንጉ አይፒ ማደል የሚችለው ይሄ በር ብቻ ነው ብለህ ትወስንበታለህ፣ የፋይናንሱ አይነት ራውተር ከሌላ በር ሲመጣ ኦፈሩን ይጥለዋል። የ3ቱን ብሎክ በሙሉ ቀይሩ የሚል ፕሮፎርማ ግን ቅደደው። ላብ 2 ያሉትን ትርፍ ሶኬቶች ደግሞ ከስዊቹ በኩል ንቀላቸው፣ የማይሰራ ቀዳዳ ውስጥ ቢሰኩት ማንንም አይጎዳም።

ቦርከና፦
የፋይናንሱን ሰውዬ ግን ባዶ እጁን አትተወው፣ ሌላ ያመጣል አውቃለሁ። ያንኑ ራውተር ተቀበለው፣ ዲኤችሲፒውን አጥፋ፣ አድራሻውን 192.168.10.250 ምናምን አድርግለት (ያንተ ዲኤችሲፒ ከማያድለው ውስጥ ምረጥ)፣ ከዛ ላን ላይ ሰካው፣ ዋይፋይ ብቻ ይሆናል።

ቶሳ_ስር፦
አደረግኩለት፣ ደስ አለው። ግን ፓስወርዱን ለማን እንደሰጠ አላህ ይወቀው፣ ዛሬ ከሰዓት ሬጅስትራር ኮምፒውተር 169.254 የሚል አይፒ ይዞ አገኘሁት ሰርቨሩ ደግሞ የለም አልልም ጌትዌዩ ይመልሳል። ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?

ቦርከና፦
አይፒ የሚሰጠው ሲያጣ ራሱ ለራሱ የሰጠው ነው። አይፒ አለቀብህ ማለት ነው፣ የግቢው ስልክ ሁሉ አይፒ ይዞ ቡና ላይ ነው ያለው። ዲኤችሲፒ ሰርቨሩ ላይ ስንት ሊዝ (ለጊዜው የተሰጠ አይፒ) እንዳለ ተመልከት፣ ሊዝ ታይሙን ወደ 1 ሰዓት አውርደው፣ የማደያ ክልሉንም አስፋው። ፓስወርዱን ደግሞ ዛሬውኑ ቀይር።